ትልቅ ፍልሚያ ሲመጣ ማንን እንምረጥ? ሁለት ቦክሰኞችን የማነጻጸሪያ መመሪያ

ከብሔራዊ ትያትር ጀርባ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ካፌ ውስጥ የእኛ የምንለው ጠረጴዛ አለ። ትልቅ የቦክስ ፍልሚያ ሳምንት ሲቀረው እዚያ ሌላ ወሬ አይነሳም። የአርሰናልና የማንቼ ጭቅጭቅ እንኳ ለጊዜው ይቆማል። አንዱ «በዝረራ ነው የሚጨርሰው» ይላል። ሌላው «ምን ነካህ? መች አግኝቶት ነው የሚዘርረው!» ብሎ ይነሳበታል። ውርርዱ በማኪያቶ ነው። የተሸነፈ የሁሉንም ይከፍላል።

ከመካከላችን አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ጋሼ ነው የምንላቸው። በጉርምስናቸው አራት ኪሎ ጓንት አጥልቀው የሠለጠኑ ናቸው። እኛ ስንጯጯህ እሳቸው ቡናቸውን ይጠጣሉ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጣል ያደርጋሉ፤ ጠረጴዛው ጸጥ ይላል። ይህን መመሪያ የምጽፈው ከእሳቸው ከተማርኩትና ለዓመታት ሌሊት እየተነሣሁ ካየሁት ነው። ሁለት ቦክሰኞች ፊት ለፊት ሲቀርቡልህ ምናቸውን ታነጻጽራለህ? የትኛውን መለኪያ ታስቀድማለህ? ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ሪከርዱ ምን ያህል ይረዳል?

ሁላችንም የምንጀምረው ከሪከርድ ነው። ስንት አሸነፈ፣ ስንቱን ዘረረ፣ ስንቴ ተሸነፈ። ለመነሻ ጥሩ ነው። እዚያው ላይ ከቆምክ ግን ትሳሳታለህ። ማይክ ታይሰን የካቲት 4 ቀን 1982 ቶኪዮ ላይ ሪንግ ሲገባ 37 ጊዜ ተጋጥሞ 37ቱንም ያሸነፈ ሰው ነበር። 33ቱን በዝረራ። ተጋጣሚው በስተር ዳግላስ ያሸንፋል ብሎ 1 ዶላር ላስያዘ ሰው አቋማሪዎቹ 42 ዶላር ሊከፍሉ ቃል ገብተው ነበር። ዳግላስ በ10ኛው ዙር ዘረረው።

ስለዚህ ቁጥሩን ትተህ ስሞቹን አንብብ። ማንን አሸነፈ? ያሸነፈው ሰው ያኔ በምን ዕድሜ ላይ ነበር? ከሁሉም በላይ የመጨረሻዎቹን ሦስት ፍልሚያዎች እይ። አምስት ዓመት ያለፈው ድል ስለዛሬው እግሩ አይነግርህም።

ከሪከርድ ጋር የሚመጣ ሌላ ስሕተት አለ። «እከሌ እከሌን አሸንፏል፤ ያ ደግሞ ይሄኛውን አሸንፏል፤ ስለዚህ አለቀ» የሚለው ስሌት ነው። ካፌያችን ውስጥ በየጊዜው ይነሳል። ጋሼ በሰሙት ቁጥር አንድ ፍልሚያ ያነሣሉ። ጥቅምት 20 ቀን 1967 ኪንሻሳ። ደርግ ንጉሡን ካወረደ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ፍልሚያው የአሜሪካን ተመልካች ሰዓት ለማግኘት ሲባል በእነሱ ከንጋቱ በፊት ነው የተጀመረው፤ አዲስ አበባ ላይ ጎህ ሲቀድ ማለት ነው። ጆርጅ ፎርማን 25 ዓመቱ ነበር። 40 ጊዜ ተጋጥሞ አልተሸነፈም። መሐመድ አሊ 32 ሞልቶታል። አሊን ከዚያ በፊት ያሸነፉት ሁለት ሰዎች ጆ ፍሬዘርና ኬን ኖርተን ነበሩ። ፎርማን ሁለቱንም በሁለት በሁለት ዙር ጨርሷቸዋል። ፍሬዘርን እንዲያውም በሁለት ዙር ውስጥ ስድስት ጊዜ ነው መሬት ላይ ያሳረፈው።

በስሌቱ ከሄድክ አሊ አለቀለት። በተግባር ግን ፎርማን በ8ኛው ዙር ወደቀ። ለምን? ፍሬዘር አንገቱን ደፍቶ ወደ ፊት የሚመጣ ሰው ነው። በገዛ እግሩ ወደ ፎርማን ቡጢ ይገባል። አሊ እንደዚያ አላደረገም። ገመዱን ተደግፎ፣ ፊቱን ሸፍኖ፣ ሰውየው ክንዱና ትከሻው ላይ እንዲያወርድ ተወው። ሙቀቱ ከባድ ነበር። ፎርማን ደከመ። ፍሬዘርን ያጠፋው ቡጢ አሊ ላይ ሲደርስ ሌላ ቦታ ላይ ነው ያረፈው።

ጋሼ ወሬውን የሰሙት አራት ኪሎ፣ ልጅ ሆነው ነው። እስካሁን ሲያወሩት ድምፃቸው ከፍ ይላል።

ቁመናውና ሚዛኑ

ክብደት መለኪያ ነው፤ አልክድም። የሚዛን ክፍሎች የተሠሩት በከንቱ አይደለም። ሁለት እኩል ችሎታ ያላቸው ሰዎች ሲገናኙ ትልቁ ይበልጣል። ነገር ግን «ትልቅ» ስትል ምኑ ነው ትልቅ? ቁመቱ? የክንዱ ርዝመት? ኪሎው? እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ እንድታይ ብትገደድ የክንድ ርዝመትን እይ እላለሁ። በቦክስ የክንድ ርዝመት የሚባለው ሁለቱ እጆች ወደ ጎን ተዘርግተው ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለው ነው።

ቁመናን አይቶ መፍረድ ግን ሌላ ነገር ነው። ግንቦት 2011 ላይ አንቶኒ ጆሹዋ ኒውዮርክ ላይ ከአንዲ ሩይዝ ጋር ሲቆም አስታውሳለሁ። ጆሹዋ 198 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሰውነቱ የተቀረጸ ነው የሚመስለው። 22 ጊዜ ተጋጥሞ አልተሸነፈም። ሩይዝ በ10 ሴንቲ ያንሳል፤ ቦርጭ አለው። ለዚያውም በሌላ ሰው ምትክ በመጨረሻ ሰዓት የተጠራ ነው። ጠረጴዛችን ላይ አንድም ሰው ለሩይዝ አልተወራረደም። ቦርጩን እንጂ እጁን ያየ አልነበረም። እጁ ፈጣን ነው። ጆሹዋን አራት ጊዜ አውርዶት በ7ኛው ዙር ዳኛው አስቆመው።

ዋናው ጥያቄ፦ ሜዳውን ማን ይመርጣል?

ይሄን ክፍል ቀስ ብለህ አንብብልኝ። ከሌላው ሁሉ የሚበልጥብኝ ይሄ ነው።

ጋሼ ስንጨቃጨቅ የሚጠይቁን «ማን ይበልጣል?» ብለው አይደለም። «የማን ፍልሚያ ነው የሚሆነው?» ነው የሚሉት። እያንዳንዱ ቦክሰኛ የሚመቸው ርቀት አለው። አንዱ ከሩቅ በጃብ፣ ማለትም በፊተኛው እጁ ቀጥተኛ ቡጢ፣ እየነካካ ይመቸዋል። ሌላው ደረት ለደረት ተጠግቶ አጭር ሁክና አፐርካት፣ ከጎንና ከታች የሚመጣ ቡጢ፣ ሲወረውር ነው የሚያምርበት። አንዱ ፈጣን ፍልሚያ ይወዳል፤ ሌላው እያረፈ መምታት። ሁለቱም በሚመቻቸው ሜዳ ጎበዝ ናቸው። ስለዚህ መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ሌላውን ወደ ራሱ ሜዳ የሚጎትተው ማን ነው የሚለው ነው።

የጆሹዋንና የሩይዝን ነገር ተመልከት። በመጀመሪያው ፍልሚያ 3ኛ ዙር ላይ ቀድሞ የወደቀው ሩይዝ ነበር። ብዙ ሰው ይሄን ይረሳዋል። ጆሹዋ ሲያወርደው ሊጨርሰው ተንደርድሮ ገባ። የገባው የሩይዝ ቤት ነው። ያ አጭር ርቀት የሩይዝ ፈጣን እጅ የሚኖርበት ነው። እዚያው ዙር ላይ ጆሹዋ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ከስድስት ወር በኋላ ሳዑዲ ላይ እንደገና ተገናኙ። ሰዎቹ ያው ናቸው። ጆሹዋ ግን በዚያ ቀን አንዴም አልተንደረደረም። ከሩቅ ጃብ እያደረገ፣ እየዞረ፣ ሩይዝ ሲጠጋ እየያዘ 12 ዙር ጨረሰ። ሁለት ዳኞች 118 ለ110፣ አንዱ 119 ለ109 ሰጡት። ሩይዝ ደግሞ 7 ኪሎ ገደማ ጨምሮ ነበር የመጣው፤ በዚያ ኪሎ የሚሸሽን ሰው ማሳደድ አይቻልም። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ዓይነት ውጤት ያየነው ሜዳው ስለተቀየረ ነው።

ይሄን ከፍልሚያው በፊት እንዴት ታውቃለህ? እግር በማየት ነው። አንድ ቀን ጋሼ ሁለት የማኪያቶ ማንኪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አንዱን ወደ እኔ፣ አንዱን ወደ እሳቸው አዞሩት።

«ይሄ ያንተ ግራ እግር ነው» አሉኝ። «በቀኝ የሚመታ ሰው ግራውን ያስቀድማል። ይሄ ደግሞ የእኔ ቀኝ እግር። እኔ ግራኝ ነኝ እንበል።»

ሁለቱ ማንኪያዎች በአንድ መስመር አፍ ለአፍ ገጠሙ። ከዚያ ጋሼ የእሳቸውን ማንኪያ በሁለት ጣት ያዙና ከእኔው አጠገብ፣ በውጭ በኩል፣ ትንሽ ገፋ አደረጉት።

«አሁን እግሬ ካንተ እግር ውጭ ነው። የኋላ እጄ ካንተ አገጭ ጋር በቀጥታ ተያይቷል። ያንተ የኋላ እጅ ግን ትከሻዬን ዞሮ ነው የሚመጣው። ገባህ፣ ልጄ? እኔ ገና አልመታሁም። ግማሹን ሥራ ግን ጨርሻለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የድሮ ፍልሚያ በስልኬ ስከፍት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች እጅ አላይም። ጫማ ብቻ ነው የማየው። ማን ወደ ፊት ይሄዳል፣ ማን ወደ ኋላ? ወደ ኋላ የሚሄደው በቀጥታ ነው ወይስ ወደ ጎን? በቀጥታ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው መጨረሻው ገመድ ነው። ወደ ጎን የሚወጣ ሰው ሪንጉ አያልቅበትም። ወደ ፊት የሚሄደውም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ተከትሎ ይሮጣል። ሌላው መንገድ ይዘጋል። መንገድ የሚዘጋው ነው የሚያስፈራው።

ኦሌክሳንደር ኡሲክ ታይሰን ፉሪን ሁለት ጊዜ ያሸነፈው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ፉሪ 206 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ኡሲክ 191። በሁለተኛው ፍልሚያ ሚዛን ላይ የነበረው ልዩነት 25 ኪሎ ገደማ ነበር። እንዲህ ዓይነት ረጅም ሰው ከሩቅ ሊያሠቃይህ ይገባል። ኡሲክ ግን ግራኝ ነው፤ እግሩም አያርፍም። ፉሪ ለመምታት የሚያስበው ቦታ ላይ ሲደርስ ሰውየው ሌላ ቦታ ነው።

ሪንጉ፣ ውሉና ኮርነሩ

ሜዳው አንዳንዴ ከደወሉ በፊት፣ ወረቀት ላይ ይመረጣል። በ1979 ሹገር ሬይ ሊዮናርድ ከማርቪን ሃግለር ጋር ሲዋዋል ይሄን በደንብ ያውቅ ነበር። ሊዮናርድ ሦስት ዓመት ገደማ ሪንግ ውስጥ አልገባም። ሃግለር 11 ዓመት አልተሸነፈም። ሃግለር የበለጠ ገንዘብ ወሰደ። ሊዮናርድ ደግሞ ሰፋ ያለ ሪንግ፣ ትልቅ ጓንትና በ15 ዙር ፈንታ 12 ዙር ወሰደ። ሦስቱም ለሚንቀሳቀስ ሰው የሚጠቅሙ ናቸው። ሊዮናርድ በሁለት ዳኞች ድምፅ አሸነፈ። ያ ውጤት እስከዛሬ ያጨቃጭቃል፤ እኔ ግን ከውሉ ጀምሮ ሜዳው የሊዮናርድ ነበር ባይ ነኝ። ስለዚህ ዜና ስታነብ «ማን ምን ተናገረ» የሚለውን እለፈውና የሪንጉን ስፋት፣ የዙሩን ብዛት፣ ሚዛኑ ስንት ላይ እንደተቆረጠ ፈልግ። ሚዛን ለመድረስ በመጨረሻው ሳምንት ብዙ ኪሎ የቀነሰ ሰው ከ8ኛው ዙር በኋላ ዋጋውን ይከፍላል።

ኮርነሩንም እይ፤ በዙሮች መካከል ቦክሰኛውን የሚያግዙትን ሰዎች ማለቴ ነው። አሰልጣኝ በቅርቡ የቀየረ ሰው ካለ ለምን እንደቀየረ ጠይቅ። ማይክ ታይሰን ለዳግላስ ሲመጣ የቀድሞ አሰልጣኙ ኬቪን ሩኒ ከተባረረ ቆይቷል። ዓይኑ ሲያብጥ ኮርነሩ ውስጥ ያሉት ሰዎች እብጠቱን የሚያስታግሱበት ብረት እንኳ አልያዙም። የጎማ ጓንት ውስጥ በረዶና ውሃ ሞልተው ነበር ዓይኑ ላይ የያዙለት። ዳግላስ በበኩሉ እናቱ ከሞቱ ገና ሦስት ሳምንት ገደማ ነበር። ብዙዎች በዚህ ይሰበራል ብለው ነበር። በ8ኛው ዙር መጨረሻ ላይ ታይሰን ሲያወርደው ተነሣ። ይሄን ዓይነት ነገር ማንም አስቀድሞ ሊለካው አይችልም። ክንዱ ከታይሰን በ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንደሚረዝም ግን ከፍልሚያው በፊት ወረቀት ላይ ነበር።

ስለ ዕድሜ ባጭሩ፦ ቡጢ እስከ መጨረሻ አይከዳም። እግር ቀድሞ ይከዳል። በእግሩ የሚኖር ቦክሰኛ 35 ካለፈ ተጠራጠር፤ በቡጢው የሚኖረውን ግን ቶሎ አትቅበረው።

በዝረራ ነው በነጥብ?

አሸናፊውን መምረጥ አንድ ነገር ነው። እንዴት እንደሚያሸንፍ መናገር ሌላ ነው። ሁለቱን አትቀላቅል። ጠረጴዛችን ላይ ብዙ ማኪያቶ የሚከፈለው በዚህ ነው።

ዳኞቹ እያንዳንዱን ዙር ለብቻው ነው የሚዳኙት። ዙሩን ላሸነፈ 10፣ ለተሸነፈ 9 ይሰጣሉ። አንዴ ከወደቀ 8 ይሆናል። ስለዚህ በሦስት ዙር ሰውየውን ያስጨነቀ ቦክሰኛ የቀሩትን ዘጠኝ ዙሮች በትንሹም ቢሆን ከተበለጠ በሰፊው ይሸነፋል። ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ የሚያገኝ ሰው ዳኞች ዘንድ ይጠቅመዋል።

የአንድ ነጥብን ዋጋ ያወቅሁት ግንቦት 10 ቀን 2016 ሌሊት ነው። የሪያድ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ስለሆነ ማንቂያ ሞልተን መተኛት አላስፈለገንም። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ጓደኛችን ቤት ነበርን። 9ኛው ዙር ሊያልቅ ሲል ኡሲክ ፉሪን በግራው አገኘው። ፉሪ ከገመድ ወደ ገመድ እየተላተመ ተንገዳገደ። እኛ ሁላችን ቆመናል። የሪንጉ ዳኛ ገብቶ ቆጠረበት፤ ገመዱ ባይይዘው ይወድቅ ነበርና እንደ ወደቀ ነው የሚታሰበው። ደወሉ አዳነው።

መጨረሻ ላይ ነጥቡ ሲነበብ አንዱ ዳኛ 115 ለ112 ለኡሲክ፣ አንዱ 114 ለ113 ለፉሪ፣ ሦስተኛው 114 ለ113 ለኡሲክ ሰጡ። አሁን ያቺን ቆጠራ አውጣት። ዙሩ 10 ለ8 መሆኑ ቀርቶ 10 ለ9 ይሁን። ሦስተኛው ወረቀት 114 ለ114 ይሆናል። አንድ ዳኛ ለኡሲክ፣ አንድ ለፉሪ፣ አንድ እኩል። ፍልሚያው አቻ ነበር የሚወጣው። የዓለም የከባድ ሚዛን ጉዳይ በዚያች ቆጠራ ነው የተወሰነው። «በነጥብ» ብለህ ስትወራረድ ማን በቀላሉ እንደሚወድቅ ማሰብ ያለብህ ለዚህ ነው። በታኅሣሥ 2017 ሲደግሙት ሦስቱም ዳኞች 116 ለ112 ለኡሲክ ሰጡ፤ ያኔ የሚያጨቃጭቅ አልነበረም።

ሲመጣጠኑብህ

ሁለቱ ከተቀራረቡብህ እኔ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የምሄደው። መጀመሪያ እግርና ርቀት፤ ሜዳውን ማን ይመርጣል? ቀጥሎ የመጨረሻዎቹ ሦስት ፍልሚያዎች። ከዚያ የክንድ ርዝመት። ከዚያ ውሉና ሚዛኑ። ቡጢ አምስተኛ ነው፤ ምክንያቱም ያላገኘውን ሰው የሚዘርር ቡጢ የለም። ሪከርዱን መጨረሻ ላይ አየዋለሁ። የአቋማሪዎቹን ቁጥር ደግሞ ሐሳቤን ከጻፍኩ በኋላ ነው የምከፍተው። ቀድሜ ካየሁት ሳላውቀው ይጎትተኛል።

አዎ፣ እንጽፋለን። የጠረጴዛችን ሕግ ነው። ስም፣ እንዴት፣ ስንተኛ ዙር። ወረቀቱ ይታጠፍና ስኳር ዕቃው ሥር ይቀመጣል። ያልተጻፈ ግምት በማግስቱ «እኔ ብዬ ነበር» ይሆናል።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያስተካከልኩት መስከረም 4 ቀን 2018 እሑድ ማለዳ ከደረሰብኝ በኋላ ነው። የዓውዳመቱ ዶሮ ገና ከየቤታችን አላለቀም። ላስ ቬጋስ ላይ ቴረንስ ክሮፎርድ ከካኔሎ አልቫሬዝ ጋር ሊገጥም ከ70 ሺህ በላይ ሰው ስታዲየም ሞልቷል። ክሮፎርድ 37 ዓመቱ ነው፤ ሁለት የሚዛን ክፍል ዘሎ ነው የወጣው። እኔ ሚዛኑን አንደኛ አደረግሁና «ካኔሎ፣ በነጥብ» ብዬ ጻፍኩ። የክንዱን ርዝመት አንብቤው ነበር። ክሮፎርድ 188፣ ካኔሎ 179 ሴንቲ ሜትር። «ትንሹ» ያልኩት ሰው በክንድ በ9 ሴንቲ ይበልጥ ነበር። አንብቤ አለፍኩት።

ዳኞቹ 116 ለ112፣ 115 ለ113፣ 115 ለ113 ለክሮፎርድ ሰጡ። ረፋዱ ላይ ካፌ ተገናኘንና ወረቀቶቹን ከስኳር ዕቃው ሥር አወጣናቸው። የጋሼ ላይ «ክሮፎርድ፣ በነጥብ፣ 12» ይላል። ማኪያቶውን የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ጋሼ ማንኪያቸውን ከሲኒው አወጡና በናፕኪን ጠረጉት። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በቀጥታ ወደ ፊት ገፉት።

«ካኔሎ ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው የሄደው» አሉኝ። ከዚያ የእኔን ማንኪያ አነሡና ከፊቱ ወደ ጎን አወጡት። እንደገና ገፉ። እንደገና ወደ ጎን አወጡት። ማንኪያዎቹ ጠረጴዛውን ዞረው ዞረው አልተገናኙም።